የይግረም ደም

ኅዳር 3፣ ማታ

ዛሬም ክትባት። ከርብ ወንዝ ማዶ፣ በረቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ። አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ ገብቷል፤ ከብቱ ሳያልቅ መድረስ አለብኝ። አንዲት ጊደር ጉልበቴን ረገጠችኝ፣ አብጧል። ባለቤቲቱ እየሳቀች፣ ጊደር እንኳ አልገዛልህ አለች ብላ ጀመረችና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ገባኝ። በረቱ ዙሪያ ለቆመው ሰው ሁሉ ገባው።

ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ካልነገርሁ ለማን ልናገር ነው? ሚስቴ ጥሩወርቅ ነሐሴ ላይ ጫካ ገባች። የታሪክ መምህርት ናት፣ የአንበሳሜ ልጅ። መጀመሪያ ት/ቤቱ ተዘጋ። ከዚያ ተማሪዎቿ አንድ በአንድ ወደ ንቅናቄው ወጡ። በመጨረሻ እሷ። ሕዝቡ ነፃ ሳይወጣ የማስተምረው ታሪክ የለኝም አለች፣ ልብሷን እየከተተች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ገፍታኝ አላለፈችም። እስክለቅላት ጠበቀች። ለቀቅሁላት።

ባል ጫካ ገብቶ ሚስት ብትጠብቅ ወግ ነው። ሚስት ጫካ ገብታ ባል ሽሮ ቢያማስል መሳቂያ ነው። ወረታ ከተማ እየሳቀችብኝ ነው።

ሶስና ሽሮው አርሯል ብላ አልበላም አለች። ልጃችን ናት፣ ስድስት ዓመቷ። እውነቷን ነው፣ አርሯል።

ኅዳር 6፣ ጠዋት

ኔትወርክ መጣ። ጥ. ደወለች። ድምፅዋ ጎርንኗል፣ ብርድ መትቷታል። ስለ ሶስና ጠየቀች። ጥርሷ ወለቀ አልሁ። ማን ነቀለው? ይግረም፣ በክር። ሳቀች። ለአፍታ እንደ ድሮው ሆንን።

ከዚያ እኔ አበላሸሁት። መቼ ነው የምትመለሺው አልሁ። እሷም አበላሸችው። አንተስ መቼ ነው የምትመጣው አለች። ተማሪዎቿ እየወደቁ እኔ ላም እየወጋሁ መዋሌ ያሳፍራታል። እኔም፣ አገር ነፃ የሚያወጣ ሰው የልጁን ፀጉር መሥራት አቃተው ወይ አልሁ። ጮኸች። ጮኽሁ። ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሷ አላውቅም።

ይግረምን ላስተዋውቅህ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ የትውልድ ቀበሌያችን ሚሊሻ። ሚሊሻ የሆነው መንግሥትን ወድዶ አይደለም። የከብት ሌባ አስመረረው፤ መሣሪያ ሲሰጡት ተቀበለ። ለሰርጋችን ሚዜ ነበር። ጥ.ን እስከ ዛሬ እታለም ነው የሚላት። ጫካ ከገባች በኋላም። ሰው ፊትም።

ኅዳር 11፣ ከሰዓት

ተኝቼ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉን ታገሠኝ።

ትናንት ጠዋት ከደብረ ታቦር መገንጠያ ፍተሻ ላይ ከባጃጅ አወረዱኝ። ወታደሮቹ ስሜን ያውቁታል። የሩዝ መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ሚስትህ የት ናት። አላውቅም። መድኃኒት ትልክላታለህ። አልልክም። ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ። ጎኔን በጫማ። አንዱ ፊቴን ወደ ሩዝ ገለባው ክምር ደፍቆ ቆመብኝ፤ በአፍንጫዬ የገባው ገለባ አሁንም ይሸተኛል። አጠገቤ የነበረ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ እስከ ቀትር ይጮህ ነበር። ከዚያ መጮህ አቆመ። በእግሩ ይዘው ጎተቱት። ፊቱን አላየሁም። ጫማው አንዱ ቀረ።

አልዋሽህም፤ የት እንዳለች ባውቅ ኖሮ እናገር ነበር።

ያወጣኝ ይግረም ነው። መጣ፣ መሣሪያውን ከኃላፊያቸው እግር ሥር አስቀመጠ። ወንድሜ ከሃዲ ከሆነ እኔም ነኝ፣ ሁለታችንንም ያዙን አለ። ብዙ ተነጋገሩ። ፈቱኝ፣ መሣሪያውንም መለሱለት፤ ደግፎ አወጣኝ። ባጃጅ ውስጥ ደሜን በሻሹ እየጠረገ፣ «አያ ሙሉ፣ ጊደር ረገጠችህ፣ ወታደር ረገጠህ። የቀረችህ እታለም ናት» አለኝ። ጎኔን ይዤ ሳቅሁ። ያማል።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ከጫካ መልእክት ደርሶታል፦ መሣሪያህን አስረክብ፣ አለዚያ። ሊመልስ ወስኗል። ለመንግሥትም ለጫካም ብሎ ሳይሆን ሩዝ ለማምረት። የዘንድሮው ውቂያ ብቻ ይለቅ አለ።

ኅዳር 20

ይግረም ሞተ።

ገደሉት። ቆሜ እያየሁ።

አውድማ ላይ ነበርን፣ አባቴ፣ እሱና እኔ። ቀትር። በሬዎቹን እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ነዶውን ይበትናል፣ አባቴ በመንሽ ያገላብጣሉ። የጫካ ሰዎች ከክምሩ ጀርባ ወጡ። ብዙ አልነበሩም። ሻሽ የጠመጠሙ፣ ልጆች። ይግረም ሲሉ ቀና አለ። መሣሪያው ከክምሩ ላይ ነበር፣ ከውኃ መቅጃው አጠገብ። አየው። እነሱም ሲያየው አዩት። አልሮጠም።

አባቴ ልመና ጀመሩ። እናንተ የማን ልጆች ናችሁ፣ የዚህ አገር አይደላችሁም ወይ አሉ። አንዱ በሰደፍ ደረታቸውን መትቶ ገለባው ላይ ጣላቸው። ይግረም ያኔ ነው የተናገረው። «ከአባቴ ፊት አታድርጉት» አለ። ሌላ ነገር አልለመነም። ወደ ቦዩ ወሰዱት። መከተል ፈለግሁ፤ አፈሙዝ ሆዴ ላይ ተተከለ። ተኮሱ። በሬዎቹ በርግገው ክምሩን ጥሰው ሄዱ።

አፈሙዙን የደገነብኝ ልጅ ፊቱን ሸፍኗል። ዓይኑን ግን አወቅሁት። ጥ. ለፈተና ቤታችን እያመጣች ታስጠናው ነበር። ምሳ አብልቼዋለሁ።

ይግረምን ከቦዩ አወጣነው። በደረቱ ገብቶ በጀርባው ወጥቷል። አባቴ ጭንቅላቱን ታቅፈው ፀጉሩ ውስጥ የገባውን ገለባ ይለቅማሉ። አንድ በአንድ። ተዉ አልኋቸው። አይሰሙም።

ኅዳር 21

ኅዳር ጽዮን። ካህናቱ ከበዓሉ ወደ ቀብር መጡ። የእማዬ ድምፅ ከመንገድ ጀምሮ የለም፣ ተዘግቷል። አልቃሿ፦

ሩዝ ሊወቃ ወርዶ ደረቱ ተወቃ፣
ዳኛ ለሌለው ደም ማን ይሁን ጠበቃ።

ሰዉ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። አባቴ አላለቀሱም። ከቀብር መልስ፣ ለቀስተኛው ተቀምጦ ሳለ፣ የይግረምን መሣሪያ አምጥተው ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«ደሙ ከቤትህ ነው የወጣው» አሉ። «ከቤትህ ይመለስ።»

የነፍስ አባታችን መምሬ ጣልቃ ሊገቡ አሉ፣ አባቴ በእጃቸው ከለከሏቸው። ማንም አላየኝም። ሁሉም አየኝ።

ኅዳር 27

የወረታውን ቤት ዘግቼ ሶስናን ይዤ ወላጆቼ ዘንድ ነኝ። እህል አልገባ ይለኛል። ጾም ነው ብዬ አሳብባለሁ።

ጥ. ደወለች። ነፍስ ይማር አላለች፣ አላለቀሰች፤ ሦስት ነገር ብቻ። ወንዛዬ፣ ታኅሣሥ አንድ፣ ፍል ውኃው ዘንድ። ዘጋች።

አባቴ ደጅ ተቀምጠው ሰምተዋል። ቆይተው ገቡና ትሄዳለህ አሉ። ጥያቄ አልነበረም። መሣሪያ በፍተሻ አያልፍም። የሥራ ቦርሳዬ ግን ያልፋል፤ ውስጡ ወይፈን የማኮላሽበት ቢላዋ አለ። እኔም አባቴም ቦርሳውን አየነው።

ስዬዋለሁ። ለምን እንደሳልሁት አትጠይቀኝ። እጄ ሲስል አየሁት፣ ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 1፣ ወደ ማታ

ፍተሻው ላይ ቦርሳዬን ከፈቱት። የከብት ሐኪም ነኝ አልሁ። አለፍሁ።

ወንዛዬ እንደወትሮው ነው። እንፋሎት፣ በሽተኛ፣ በላስቲክ ዳስ ውስጥ የሚጮህ ሕፃን። ጥ. ከድንጋዩ በስተጀርባ ጠበቀችኝ። አንዲት መሣሪያ የያዘች ልጅ አብራት አለች። ጥ. ከስታለች። ጆሮዋ ጫፉ የለም። ምን ነካሽ ልላት አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ዘጋሁት።

ይህን የተነጋገርነውን እንዳለ ልጻፈው። ሌላ ጊዜ ራሴን እንዳልዋሽ።

«መቼ አወቅሽ?» አልኋት።

«አስቀድሜ።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ስብሰባ ላይ ተከራከርሁ። ሚዜዬ ነው፣ ወንድሜ ነው አልሁ። ተሸነፍሁ።»

«ከተሸነፍሽ በኋላስ? ስልክ አልነበረሽም?»

መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይኔን እያየች ተናገረች። «ብነግርህ ትነግረዋለህ። ብትነግረው ጓደኞቹን ይዞ ይጠብቃቸዋል። የተላኩት የእኔ ልጆች ናቸው ሙሉ። ፊደል ቆጥረው ሳይጨርሱ ተከትለውኝ የወጡ። ወይ እነሱ ነበሩ ወይ እሱ።»

«ሶስናስ የማን ልጅ ናት?»

ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«መሣሪያውን ሊመልስ ነበር» አልኋት። «ከውቂያው በኋላ። ወስኖ ነበር።»

ይህን አላወቀችም። ፊቷ ሲፈርስ አየሁት። ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ልጻፈው። ያኔ በጥፊ መታኋት። በኖርንበት ዘመን ሁሉ እጄን አንሥቼባት አላውቅም። ሻሿ ወደቀ። ጠባቂዋ መሣሪያዋን አቀባበለች፤ ጥ. ሳትዞር እጇን ዘርግታ አስቆመቻት። ከከንፈሯ ደም እየወረደ፣ ከፈለግህ ድገም አለችኝ።

እጄ ቦርሳው ውስጥ ነበር። የቢላዋው እጀታ ቀዝቃዛ ነው። ልክ ያኔ አንዲት አሮጊት ከውኃው ልትወጣ እግሯ ከዳት፤ «እጅህን ስጠኝ ልጄ» አለችኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። እጄን ከቦርሳው አውጥቼ ሰጠኋት። ስታርፍ መረቀችኝ። ልጅ ይውጣልህ አለችኝ። ተመልሼ ቢላዋውን መጨበጥ አልቻልሁም። ደግ ሆኜ አይደለም። አልቻልሁም።

ተመለሺ አልሁ፣ ወደ ሌላ አገር እንሂድ። አልመለስም አለች። «ይህን ሁሉ ከፍዬ ብመለስ ይግረም በከንቱ ሞተ ማለት ነው።»

«በከንቱማ ነው የሞተው» አልኋትና ትቻት ወጣሁ።

ታኅሣሥ 2

አባቴ ደጅ ጠበቁኝ። እጄን አዩ። ቦርሳውን ከፍተው ቢላዋውን አዩ። ንጹሕ ነው። እግሬ ሥር ተፉ። ቀኑን ሙሉ አላነጋገሩኝም። ምሳ ሲቀርብ ከእኔ ጋር አንድ ሞሰብ ላይ አልቀርብም ብለው ተነሡ።

ሶስና አያቴ ለምን ተቆጣ አለች። ስለ ሩዙ ነው አልሁ።

ታኅሣሥ 8

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። እንደ ዶሮ ጭረት ሆነ። ሆስፒታል ነኝ። የቀኝ ክንዴ አጥንት ተሰብሯል፤ ጥይቱን አውጥተውታል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት እማዬ ከበረት ስመለስ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ድምፅዋ አሁንም አልተመለሰም፤ በሹክሹክታ ነው። አባትህ ወደ አንበሳሜ ወጣ አለች። መሣሪያውን በጋቢው ሥር ይዟል። ደጉን ሊገድል ነው።

ደጉ የጥ. ወንድም ነው። ብቸኛ ወንድሟ። ባጃጅ ነጂ። ፖለቲካ ቢሉት ሬዲዮ የሚያጠፋ ሰው። «የእኔን ቀበርሁ» አለች እማዬ፤ «የእሱን እናት እንደኔ እንዳታደርጓት።»

ስልክ ሞከርሁ፤ ኔትወርክ የለም። በሽንኩርት ጫኝ መኪና ላይ ተሳፈርሁ። መንገድ ላይ አሰብሁ። እውነት እውነቱን አሰብሁ። ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? መኪና አጣሁ ብል? ጥ. ዝም አላለችም ወይ? አንድ ለአንድ ይሆናል። እሷም ትቅመሰው። ሹፌሩን ቁም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ይግረም ከቦዩ አፋፍ ዞሮ ሲያየን ትዝ አለኝ። እንደሚመጡበት ማንም አልነገረውም ነበር። ሹፌሩን ፍጠን አልሁት።

የገበያ ቀን ነው፣ አንበሳሜ ሰው በሰው ላይ። ደጉ ባጃጆቹ ከሚቆሙበት ተቀምጦ ሸንኮራ ይልጣል። ደጉ ተነሥ፣ ሂድ አልሁት። አያ ሙሉ፣ ነፍስ ይማር፣ ለቅሶ ያልደረስሁት መንገዱ ተዘግቶ ነው ብሎ ሊስመኝ ተነሣ። ከትከሻው ኋላ አባቴን አየሁ። ከእህል ተራው መሐል፣ ጋቢያቸው እየተንሸራተተ፣ መሣሪያው ወጥቷል። ደጉን ወደ ባጃጁ ገፈተርሁትና እጆቼን ዘርግቼ ቆምሁ። አባባ አልሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ተኮሱ። ድምፁን አልሰማሁትም፤ ክንዴ እንደ ሌላ ሰው ክንድ ሲንጠለጠል አየሁት። ሰዉ በሰው ላይ ወደቀ፣ ጤፉ ተደፋ፣ ሴቶች ኡኡ አሉ። አባቴ መሣሪያውን እንደያዙ መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጄን፣ ልጄን ይላሉ። የትኛውን እንደሆነ አላውቅም።

ባጃጁ ውስጥ ጎትቶ ያስገባኝ፣ ጥርሱን ነክሶ እስከ ሐኪም ቤት የነዳኝ ደጉ ነው። ሸሚዙን ቀድዶ ክንዴን አሰረ። እየነዳ ያለቅሳል። ምን አደረግሁ ይላል፣ እኔ ምን አደረግሁ።

አባቴን ሰዎች ቀድመው ወደ ቤት ሸኝተዋቸዋል። ፖሊስ መጣና ማን ተኮሰብህ አለኝ። ገበያ ነው፣ አላየሁም አልሁ።

ታኅሣሥ 9

አባቴ መጡ። ከክፍሉ በር ላይ ቆሙ። አልገቡም። ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ግቡ አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆመው ቆመው ሄዱ።

ታኅሣሥ 14

ከሆስፒታል ወጥቼ ወላጆቼ ቤት ነኝ። ዛሬ የሆነውን ሁሉ እስክጽፍ ጣቴ ይድረስልኝ።

ረፋድ ላይ መምሬ መጡ። አባቴን፣ እንግዳ አለብዎ፣ እጅዎን ይሰብስቡ አሏቸው። ማን ብለው ሳይጨርሱ እማዬ ጮኸች። ድምፅዋ ተመለሰ፤ በዚህ ተመለሰ።

ጥ. በታጨደው ሩዝ መሐል እየመጣች ነው። በጠራራ ፀሐይ። ነጠላ ለብሳ፣ በባዶ እግሯ፣ አንገቷ ላይ ድንጋይ በገመድ ተሸክማ። ደም ያለበት ሰው ለዕርቅ እንደሚመጣው። ወታደር ቢያያት ያልቅላታል። የራሷ ሰዎች ቢያዩአትም እንዲሁ። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ።

ደጃፉ ላይ ተንበረከከች። ድንጋዩ ጎተታት፤ በእጇ መሬቱን ደገፈች።

«አባባ» አለች፤ «የገደሉት የእኔ ሰዎች ናቸው። አውቄ ዝም ያልሁ እኔ ነኝ። ደጉ የለበትም። ሙሉም የለበትም። ደም ከፈለጉ ይኸው አንገቴ።»

አባቴ ገቡ። መሣሪያውን ይዘው ወጡ። መምሬ መስቀላቸውን ዘረጉ፤ አባቴ አልፈዋቸው ሄዱ። አፈሙዙን በጥ. ግንባር ላይ አሳረፉት። ልነሣ አልሁ፤ ክንዴ ከመጠገኛው እንጨት ጋር ታስሯል፣ ተደፋሁ። ጥ. ዓይኗን አልጨፈነችም። የአባቴ ጣት ቃታው ላይ ነው። አየሁት።

ሶስና ከጓዳ ሮጣ ወጣች። እማዬ ልትይዛት ሞከረች፣ አመለጠቻት። አፈሙዙንም አያቷንም አላየችም። እናቷን ብቻ። ድንጋዩን በሁለት እጇ ከሥር ይዛ ልታነሣው ታገለች።

«እማዬ፣ ከበደሽ?»

አባቴ መሣሪያውን ለመምሬ ሰጡ። አጎንብሰው ገመዱን ራሳቸው ፈቱ፤ ድንጋዩን አንሥተው ከአጥሩ ውጭ ወረወሩት። ሲመለሱ እንባቸው በጢማቸው ላይ ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያው።

«ደሙን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ» አሉ። «አንቺ ግን ከዚህ ቤት ውኃ አትጠጪም።»

እሺ አባባ አለች። ተነሣች።

እስከ ማሳው ጫፍ ሸኘኋት። ሶስናን በጀርባዋ አዝላ። ቅሪ አልኋት፣ እንግዲህ በቃ። አትቀርም። የመጣሁት ስለ ደጉና ስለ ይግረም ነው፤ ትግሉን ትቼ አይደለም አለች። ያመንሁትን አሁንም አምናለሁ፤ ዝምታዬን ብቻ ነው ይቅር እንድትለኝ የምለምንህ። ለጥፊው ይቅር በይኝ አልሁ። ለዝምታሽ ግን ገና ነኝ። አውቃለሁ አለች። የተሰበረ ክንዴን በጣቷ ነካ አደረገችው። ሶስናን አወረደች። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን ብቻ ይዛ አልለቅ አለች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቅሁት እኔ ነኝ።

ታኅሣሥ 18፣ ጠዋት

ደጉ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ላብ በላብ። አባቴ ደጅ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን እያየ እግሩ አልገባ አለው። ግባ አሉት። ገባ።

ጥ.ን ይዘዋታል። የራሷ ሰዎች። ያለፈቃድ ወጣሽ፣ የጠላት ቤት ገብተሽ ተንበረከክሽ፣ የንቅናቄውን ምሥጢር ተናገርሽ ብለዋታል። ለመንግሥት የሸጠችን እሷ ናት የሚልም ተነሥቷል። ነገ ይፈርዱባታል። ፍርዱ የይግረም ፍርድ ነው። ተማሪዎቿ አልቅሰው ለምነው፣ አንድ ነገር ብቻ ተፈቅዷል፦ ባለደሙ፣ የሟቹ ወገን፣ መጥቶ ለዕርቅ ብቻ እንደመጣች ከመሰከረ ይሰሙታል።

ባለደሙ።

ያሰብሁትን ሁሉ አልጽፈውም፣ ማስታወሻዬ። ወንድሜን የገደሉት ፊት ቆሜ ሚስቴን ማሩልኝ ልል ነው። ወይ እሷን ይለቁልኛል፣ ወይ እኔንም ከእሷ ጋር። ስመለስ ደግሞ ወታደሮቹ አሉ፤ መጋዘኑ አለ። እሷ ብትተርፍ አብረን እንኖራለን? አላውቅም። አብረን ባንኖርስ ትሙት?

እሄዳለሁ። ይህን ወስኛለሁ።

እሄዳለሁ ስል አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። «ባለደሙ እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ ምን ብለህ ትመሰክራለህ?»

አባባ፣ ይቅርብዎ አልኋቸው። ያውቁዎታል፣ በሰደፍ መትተውዎታል። ውኃ እንኳ አትጠጪም ብለዋት አልነበር?

«ውኃ አትጠጪም ያልሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ትሙት አላልሁም።»

አሁን ጫማቸውን እያጠለቁ ነው። እማዬ ሶስናን ታቅፋ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች፤ አታለቅስም፣ አትከለክልም። መሣሪያውን መምሬ ከወሰዱት ወዲህ አልመለሱትም፣ አባቴም አልጠየቁም። ባዶ እጃችንን ነን። ደጉ ባጃጁን አስነሥቷል። አባቴ ከኋላ ከእኔ ጎን ሊቀመጡ ነው ስል ወደ ፊት ሄደው ከደጉ አጠገብ፣ ከዚያች ጠባብ ወንበር ጫፍ ተጠጉ። ደጉ ራቅ አለላቸው። እሳቸው ደግሞ ተጠጋ፣ ትወድቃለህ አሉት።

እየጠሩኝ ነው። አንተን ለእማዬ አደራ ሰጥቼ…